«ኢ» ነው ወይስ «አይ»?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሽሮ ሜዳ፣ እህቴ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። እሷ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ በሁለት እጇ ነጠላ ታጥፋለች። የደወለችላት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ደንበኛ ናት። ለልጇ ክርስትና ቀሚስ ፈልጋ «ዌብሳይትሽን ንገሪኝ» አለቻት።

«ቲ» አለች እህቴ። «አይ። ቢ። ኢ።»

«ቆይ ቆይ። ኢ ነው ወይስ አይ?»

«መጀመሪያ አይ። ከዛ ቢ። ከዛ ኢ።»

«ኢ ስትዪ የእንግሊዝኛው ነው የአማርኛው?»

እህቴ ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስልኩን በእጇ ያዘች። እንደገና ከ«ቲ» ጀመረች። ገና አራተኛው ፊደል ላይ ናቸው፤ የቀራቸው አሥራ አራት ነው። እኔ ወንበሬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ ነበር። መጨረሻ ላይ ደንበኛዋ «አይከፍትልኝም የኔ እህት፤ በቃ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ» ብላ ዘጋችው።

ያንን ስም የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ዌብሳይት መሥራት እንጀራዬ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ እህቴ ሱቋን ኢንተርኔት ላይ ልታወጣ ስትነሳ ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ ስም፣ የገዛሁላት እኔ ነበርኩ። «ጥበብ የሐበሻ ልብስ» የሚለውን በላቲን ፊደል አያይዤ ጻፍኩት። አሥራ ስምንት ፊደል ወጣው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ስሙ ሙሉ ነው፣ ሥራዋን ይናገራል፣ ማንም አልያዘውም። ዋጋውም እንደማንኛውም ዶት ኮም ነው። ደስ ብሎን አንድ ሺህ የወረቀት ቦርሳ አሳተምንበት። ማንም ያልያዘው ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

መልሱን ያገኘሁት ስሙ በጠፋብን ጊዜ ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስላልነበረን በየዓመቱ ማሳደሻውን የሚከፍልልን ጀርመን ያለው የአጎታችን ልጅ ነበር። አንድ ዓመት ካርዱ ተቀየረና ክፍያው አላለፈም። የማስጠንቀቂያውን ኢሜይልም አላየሁትም። አንድ ዶት ኮም ጊዜው ሲያልፍ በአንድ ቀን አይጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት የሚሰጠው የይቅርታ ጊዜ አለ። ከዚያ በቅጣት ማስመለስ የሚቻልበት 30 ቀን ይከተላል። በመጨረሻ የመሰረዣው 5 ቀን ይመጣና ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል። እኔ የነቃሁት ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እየተንቀጠቀጥኩ ገብቼ ፈለግኩት። ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ማንም አልነካውም። በመደበኛው ዋጋ መልሼ ገዛሁት።

እህቴ «ተመስገን» አለች። እኔ ግን ከፋኝ። ምክንያቱም በዚያው ካርድ የሚከፈል፣ ለራሴ ሥራ ያስቀመጥኩት ባለ አምስት ፊደል ስም ነበረኝ። እሱም አብሮ ወደቀ። የሱን ቀን ቆጥሬ ጠብቄ ነበር። የሚለቀቅበት ቀን በጠዋት ተነስቼ ላፕቶፔ ፊት ተቀመጥኩ። ገጹን ሳድሰው ተይዟል። እንዲህ ያለውን ስም የሚጠብቀው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። ስሙ በተለቀቀባት ሰከንድ የሚመዘግብ ፕሮግራም ያላቸው ድርጅቶች አሉ። ሳምንት ሳይሞላው «ይሸጣል» የሚል ገጽ ተለጠፈበት። የአሥራ ስምንት ፊደሉን ስም መንገድ ላይ ጥለነው ማንም ጎንበስ ብሎ አላነሳውም። የአምስት ፊደሉን ከእጄ ነጠቁኝ። ያን ዕለት ስለ ስም ርዝመት በደንብ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ከሒሳብ ይነሳል። የላቲን ፊደል 26 ነው። በሁለት ፊደል ብቻ የሚሠራ ስም 676 ነው። በሦስት 17,576 ነው። በአራት 456,976 ነው። ይሄን ማንም ሊጨምረው አይችልም። በአምስት ፊደል ከ11 ሚሊዮን ያልፋል፣ በስድስት ከ300 ሚሊዮን። አንድ ስም እስከ 63 ፊደል ሊረዝም ይችላል፤ እዚያ ላይ ቦታ አያልቅም። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው የማያስቆም ሱቅ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ሰፊ ግቢ የሚወደደው ለምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሄ ሁሉ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ በነጻ ይታደል ነበር። የመጀመሪያው ዶት ኮም የተመዘገበው ማርች 15 ቀን 1985 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ሲምቦሊክስ የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ ነው ያስመዘገበው። እስከ 1995 ድረስ የፈለገ ሰው ጠይቆ ይወስድ ነበር። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ። ባለ አራት ፊደሎቹ ከ2007 አካባቢ ጀምሮ ተጠራርገው አልቀዋል። ከባለ አንድ ፊደል ዶት ኮሞች ደግሞ የወጡት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ኪው፣ ኤክስ እና ዜድ። ቀሪዎቹ በ1993 እንዳይመዘገቡ ታገዱ። ዜድ ዶት ኮም የመኪና አምራቹ የኒሳን ነበር። በ2014 አንድ የጃፓን የኢንተርኔት ኩባንያ በ6.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ኩባንያዎች ካደጉ በኋላ ስማቸውን ለማሳጠር የሚከፍሉት ገንዘብ ይገርመኛል። ፌስቡክ መጀመሪያ ስሙ ፊት «ዘ» ነበረው። በ2005 በ200,000 ዶላር ያቺን «ዘ» ያልያዘውን ስም ገዛ። በ2010 ደግሞ «ኤፍቢ ዶት ኮም»ን ከአንድ የአሜሪካ የገበሬዎች ፌዴሬሽን በ8.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ቴስላ ለዓመታት «ቴስላ ሞተርስ» በሚል አድራሻ ነበር የሚሠራው። ኢሎን መስክ ራሱ እንደተናገረው፣ «ቴስላ» የሚለውን ብቻውን ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይና 11 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ፌስቡክ ወደ «ኤፍቢ»፣ ቴስላም «ሞተርስ»ን ጥሎ ሲያጥሩ የቀነሱት ስድስት ስድስት ፊደል ነው። እህቴ እያንዳንዷን ፊደል በስልክ ስትጠራ ሳይ፣ ገንዘቡ ለምን እንደወጣ በደንብ ይገባኛል።

ታዲያ ዋጋውን የሚወስነው ማጠር ብቻ ነው? አይደለም። «ካር ኢንሹራንስ» የሚለው ስም 12 ፊደል ነው። በ2010 ከነዌብሳይቱና ከነሥራው በ49.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ዜድን ሰባት ጊዜ ይገዛል። አሜሪካ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር ስለሆነ ማንም ሰምቶ አይሳሳተውም። በሌላ በኩል ኪው፣ ኤክስ፣ ዜድና ጄን ደርድራችሁ ስም ብትሉት አራት ፊደል ነው፤ ግን አፍ አይለውም፣ ጆሮም አይዘውም።

ነገሩ በቋንቋ እንደሚለያይ ያሳየኝ የቻይና ገበያ ነው። ቻይናዎች የላቲን ፊደል ከመጻፍ ቁጥር መጻፍ ይቀላቸዋል። ስለዚህ የቁጥር ስም ይወዳሉ። ከትልልቅ ዌብሳይቶቻቸው አንዱ ስሙ 163 ነው፤ ድሮ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለመግባት የሚደወልበት ቁጥር ነበር። «360 ዶት ኮም» በ2015 በ17 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተሸጧል። 8 ያለበት ይወደዳል፣ 4 ያለበት ይረክሳል። በፊደል ሲገዙ ደግሞ እንግሊዝኛ አናባቢ የሌለበትንና «ቪ» የሌለበትን ይመርጣሉ፤ የቻይንኛ ቃል በላቲን ሲጻፍ በአብዛኛው በቀሩት ፊደሎች ስለሚጀምር ነው። አሜሪካዊ ነጋዴ «ምን ይሠራል?» ብሎ የጣለውን ስም ቻይናዊው በውድ ያነሳዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እያንዳንዱ የሚለካው በራሱ ሰው አፍ ነው።

የኛ መለኪያስ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ ሲጀምር መኪኖቹ ላይ የተጻፈውን 8294 ያልያዘ ሰው አልነበረም። እናቶቻችን ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። ማንም «ስምንት ነው ወይስ ሁለት?» ብሎ አይጠይቅም። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን መጠየቅ ይጀመራል።

«ጥበብ»ን ብቻ እንውሰድ። «ጥ»ን አንዱ በ«ቲ» ይጽፋታል፣ ሌላው «ቲ»ና «ኤች» ይላል። ቀጥሎ ያለችውን ሳድስ ድምፅ አንዱ «አይ» ያደርጋታል፣ አንዱ «ኢ»፣ አንዱ ጭራሽ ይዘላታል። «በ»ን አንዱ በ«ኢ»፣ አንዱ በ«ኤ»። ሁለት በሦስት በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የእህቴ። «ሐበሻ» ላይ ደግሞ «ኤች»ን የሚተው ብዙ ሰው ነው። በላዩ ላይ የፊደሎቹ መጠሪያ ራሱ ያምታታል። የእንግሊዝኛው አምስተኛ ፊደል «ኢ» ይባላል፤ እኛ «ኢ» ስንሰማ እጃችን የሚጽፈው «አይ»ን ነው። የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ይባላል፤ እኛ «ኤ» ስንሰማ እጃችን «ኢ»ን ይጽፋል። ስልክ ላይ ያሉት ሁለት ሐበሾች ሁለቱም ትክክል ሆነው ይሳሳታሉ።

የዚህን ዋጋ በገንዘብ አይተነዋል። አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከዳላስ አንዲት ሙሽራ ደውላ እህቴን ወቀሰቻት። የስድስት ሚዜ ልኬት በኢሜይል ልካ ነበር። «አድራሻው የለም» የሚል መልስ መጣላት። አንድ ፊደል ነበር የሳተችው። «ዘግታችኋል ብዬ ሌላ ጋ አሠራሁ» አለች። ስድስት የሚዜ ቀሚስ ለሸማኔዎቻችን የስንት ሳምንት ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥፋቱ የሙሽራዋ አልነበረም። የኔ ነበር።

ለደንበኞቼ ስም ስመርጥ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። አንድ ልጅ የመጻሕፍት መደብር ሊከፍት መጥቶ በ«ቤት» የሚያልቅ ስም ያዘ። ቆንጆ ስም ነበር፣ አጭርም ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን መጨረሻው በእንግሊዝኛ «ውርርድ» ማለት ይሆናል። በየሰፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት በተከፈተበት ከተማ ይሄን ስም ያየ ሁሉ «የቤቲንግ ነው?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። ስሙን ቀየርን። «ጨው»ም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ጽፋችሁ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ብትሰጡት «ማኘክ» ብሎ ነው የሚያነበው።

አሁን ስም ሲመጣልኝ መጀመሪያ ፊደል አልቆጥርም። ድምፁን ነው የማየው። በካዕብ፣ በራብዕና በሳብዕ የተሞላ ቃል ይሻላል። «ዶሮ»ን፣ «ማር»ን፣ «ቶሎ»ን አሥር ሰው በላቲን ቢጽፋቸው አሥሩም አንድ ዓይነት ይጽፋሉ። ግዕዝ፣ ኃምስና ሳድስ ሲበዛ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ሲገባ ስሙ በወረቀት ላይ አምስት ፊደል ቢሆንም አፍ ላይ ሃያ ነው። የስም ዋጋ ገማቾች ነን የሚሉ ዌብሳይቶች ይሄን አያውቁም። ፊደል ይቆጥራሉ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ይፈልጋሉ፣ ቁጥር ይሰጣሉ። አትመኗቸው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ነው። «ጥበብ» በራሳችን ፊደል ሦስት ሆሄ ነው። ጥ፣ በ፣ ብ። አጻጻፉ አንድ ብቻ ነው። እንደ «ሀበሻ» እና «ሐበሻ» መንታ ሆሄ እንኳ የለበትም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደል ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከላቲን ውጭ ያለን ፊደል ለዶሜይን የሚያገለግል ኮድ አድርጎ የሚቀይረው ዘዴም ከ2003 ጀምሮ አለ። ግን ኮምፒውተሩ ከኋላ የሚያየው በ«ኤክስ»፣ በ«ኤን»ና በሁለት ሰረዝ የሚጀምር የተዘበራረቀ ጽሑፍ ነው። ሊንኩ ሲላክ አንዳንድ ቦታ ያ ዝብርቅርቅ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ያየው ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይነካውም። ብዙ የኢሜይልና የክፍያ ፎርም ደግሞ አይቀበለውም። ሸማኔው ጥለቱን በእጁ ቀለም ቀለሙን እየመረጠ የሚሠራበት ሱቅ፣ ስሙን ግን በሰው ፊደል ተውሶ ይጽፋል። ይሄ ይቆጨኛል።

«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» ለምን አልያዛችሁም የሚለኝ አለ። የሀገራችን አድራሻ ነው፣ አገር ውስጥ ለሚሠራ ጥሩ ነው። የእህቴ ደንበኛ ግን ውጭ ነው ያለው፤ ጣቱ ከ«ኮም» በኋላ ይቆማል። ሌላ «ኢ» መጨመርም አልፈለግኩም።

ብቻውን «ጥበብ» የሚለውን፣ ባለ አምስት ፊደሉን፣ ለመግዛት ሞክረናል። የያዘው ሰው 2,800 ዶላር ጠየቀ። በጊዜው በባንክ ምንዛሪ 160,000 ብር ገደማ ነበር። እህቴ ለሁለት ወር አሰበች፣ ቁጠባዋን ቆጠረች። ከዚያ ጁላይ 2024 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሻጩ አንድ ዶላር እንኳ ሳይጨምር፣ በሳምንታት ውስጥ ዋጋው በእኛ ከ280,000 ብር በላይ ሆነ። ያን ቀን ማታ «ተወው» አለችኝ። እኔም ሆዴ «እሰይ» ብሏል። አምስት ፊደል ቢሆንም አሥራ ሁለት ዓይነት የሚጻፍ ስም ነው።

በሱ ፋንታ ወደ አያታችን ሄድን። ያሳደገችን እሷ ናት፤ ፈትል የመፍተል ሙያውንም ለእህቴ ያወረሰቻት እሷ ናት። እኛ ልጆቹ «ማማ ዙፋን» ነበር የምንላት። ዘጠኝ ፊደል ነው። ከ«ጥበብ» አራት ይበልጣል። ማ፣ ማ፣ ዙ፣ ፋ፣ ን። የሚያሻማ ድምፅ የለበትም። ስፈልገው ነጻ ነበር፣ ዋጋውም መደበኛው።

ከመግዛቴ በፊት ፈተንኩት። ደብረ ብርሃን ያሉት አክስታችን ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ አንድ ስም ልንገርዎት፣ ለልጅቷ ያስጽፏት፤ በእንግሊዝኛ ፊደል» አልኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርኩ። እሳቸው ሰምተው ለልጃቸው ነገሯት። ልጅቷ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ጽፋ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ዘጠኙም ፊደል በቦታው ነው። ከሥሩ በአማርኛ «ማማ ዙፋን ማናት?» የሚል ጽፋለች። ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።

አሁን እህቴ ስልክ ላይ ስሙን አንድ ጊዜ ትናገራለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲጽፍ ይሰማል። «እሺ፣ ከፈተልኝ። የቱን ልይ?» ይላል። እጇ ነጠላውን ማጠፉን አያቆምም።

የአሥራ ስምንት ፊደሉን ስም ግን አልጣልነውም። ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርጌ በየዓመቱ አሳድሰዋለሁ። ካሳተምነው አንድ ሺህ ቦርሳ አብዛኛው ተሰጥቶ አልቋል፤ በየአገሩ በየቁም ሳጥኑ አለ። ባለፈው ወር በአሮጌው አድራሻ ገብቶ ያዘዘ ሰው ነበር። ከእስራኤል፣ ከኔታንያ። እህቴ በስልክ አመስግናው እንዴት እንዳገኛት ጠየቀችው። እናቱ የሰንበት ነጠላዋን የምታስቀምጥበት ቦርሳ ላይ አይቶ ነው። ቦርሳው ስለተጣጠፈ መሀሉ ላይ ሁለት ፊደል ጠፍቶ ነበር። ሦስት አራት ጊዜ እየገመተ ሞክሮ ነው የከፈተለት።